ለኮሌጅ የመጡ ሽማግሌዎች

ትርንጎ በዕድሜዋ ከጻፈችው ሁሉ በጣም ውድ ዋጋ ያስከፈላት አንድ መስመር ምስጋና ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም የጎደለብን ነገር የለም» የሚል። የጻፈችው በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጇ ኢየሩስ ለኮሌጅ ስታመለክት ወላጅ በሚሞላው የገንዘብ እርዳታ ፎርም ላይ። ፎርሙ መጨረሻው ላይ ሰፊ ባዶ ሣጥን ነበረው፤ ቤተሰባችሁን የገጠመው የተለየ ችግር ካለ እዚህ ግለጹልን ይላል። እንግዲህ የጨዋ ልጅ እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ምን ይመልሳል? ለማያውቀው ሰው፣ ያውም ለፈረንጅ፣ ያውም በጽሑፍ፣ ገበናውን ይዘረግፋል? ትርንጎ አመሰገነችና ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈች።

አጠገቧ ተቀምጦ ፎርሙን ሲያስሞላት የነበረው ጋሽ ማንደፍሮም «በርቺ፣ ለማኝ አለመሆናችንን ይወቁት» ብሎ አበረታታት። ማንደፍሮ ሳን ሆዜ የሚኖር፣ ሳኒቬል የሚሠራ ኢንጂነር ነው። ኦክላንድ ባለው ደብራቸው የትምህርት ኮሚቴ ሰብሳቢ ከሆነ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ሰኔ በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ኮሌጅ የገቡትን ልጆች ስም ከነኮሌጃቸው በማይክሮፎን የሚያነበው እሱ ነው። ሕዝቡም እንደ ኮሌጁ ዝና እልል ይላል። ለታወቀው ጣሪያው እስኪነቃነቅ፣ መካከለኛ ለሆነው ለወግ ያህል፣ ላልታወቀው ደግሞ ሁለት ሦስት ሰው ያጨበጭባል። የዚያን ልጅ እናት እስከ ጾመ ፍልሰታ ድረስ ሰው በሐዘኔታ ነው የሚስማት።

ሣጥኑ ውስጥ መጻፍ የነበረበት ሌላ ነበር። ትርንጎ ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር የምታመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር ናት። መኪናው የራሷ ነው ይባላል፤ ከኮፈኑ በስተኋላ ያለው ግን ገና የባንኩ ነው። በዓመት በእጇ የሚያልፈው ገንዘብ ሲደመር መቶ ሰባ ሺህ ዶላር ይሆናል። ናፍጣው፣ ኢንሹራንሱ፣ የባንኩ ክፍያ፣ ጎማውና ጥገናው ሲነሳ ለእሷና ለልጇ የሚተርፈው ሃምሳ ሁለት ሺህ ነው። ከባሏ ከተለያየች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ሌላ ገቢ የላትም። ማንደፍሮ ፎርሙ ላይ መቶ ሰባውን አስገባ። ጥያቄው ገቢ ነው የሚለው፣ አለ። እሷም ኢንጂነር ካለ ይሁን አለች።

በመጋቢት መልሱ መጣ። ኢየሩስን የተቀበሏት ሁለት ኮሌጆች ነበሩ፤ ሁለቱም ትንንሽ፣ ሁለቱም ተማሪ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ሆኖ ከመምህሩ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚማርባቸው። አንደኛው ቶርንበሪ ይባላል፤ ማሳቹሴትስ ነው። የሚያውቀው ሰው ስሙን ሲሰማ ወንበሩ ላይ ቀና ይላል፤ ከደብሩ ልጆች አንድም ገብቶበት አያውቅም። ሁለተኛው ሊንድከር ነው፤ አይዋ ውስጥ፣ በቆሎ መሐል። ይህን ስም ስትነግረው ቀና የሚል ሰው የለም፤ «ለምን ዩኒቨርሲቲ አልደረሳትም?» የሚል ግን ሞልቷል።

ቶርንበሪ መቶ ሰባ ሺሁን አይቶ፣ ምስጋናውን አንብቦ፣ እንኳን ደስ አላችሁ አለና በዓመት ሠላሳ ስምንት ሺህ ክፈሉ አለ። ሊንድከር ያን ባለ ሣጥን ፎርም አልጠየቀም። ከዚያ ይልቅ ከኮሌጁ አንዲት ሴት ደወለችላት። ትርንጎ ወደብ በር ላይ ተሰልፋ ነበር። ሴትዮዋ ስለ መኪናሽ ንገሪኝ፣ በሳምንት ስንት ናፍጣ ይጠጣል፣ ጎማ በስንት ጊዜ ትቀይሪያለሽ እያለች እንደ ጋራዥ ሰው ጠየቀቻት። በዚህ ዓይነት ጥያቄ የሚያፍር ሾፌር የለም፤ ትርንጎም ሳይታወቃት ሁሉን ነገረቻት። ከሳምንት በኋላ ሊንድከር የላከው ደብዳቤ በዓመት አራት ሺህ ሁለት መቶ ዶላር ይላል።

ያኔ ነው የምስጋናው ነገር የገባት። ሠላሳ ስምንቱንና አራቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ስታይ ጆሮዋ ጋለ። ልጇ ቶርንበሪን ካጣች ያሳጣት የእናቷ ኩራት ነው። ከኢየሩስ ጋር ሦስት ቀን ሙሉ ቁጭ ብለው ለቶርንበሪ የይግባኝ ደብዳቤ ጻፉ። እያንዳንዱ መስመር እንደ ጥርስ ነቀላ ነበር። ባለፈው ዓመት ሞተሩ ሲነድ የተበደረችውን፣ የቤት ኪራይ ሳትከፍል ያሳለፈችውን ወር፣ ያልታከመችውን ትከሻዋን፣ ሁሉንም ጻፈች። ቶርንበሪ ስለ ግልጽነቷ አመሰገናት፤ የዚህ ዓመት በጀት በአብዛኛው መመደቡን ገልጾ ዘጠኝ ሺህ ጨመረ። ቀሪው ሃያ ዘጠኝ ሆነ፤ በአራት ዓመት መቶ አሥራ ስድስት ሺህ ዶላር። ይህ በእሷ ስም የሚወሰድ የወላጅ ብድር ነው፤ ትርንጎ ሰባ ዓመት ቢሞላትም ከመሪው አትወርድም ማለት ነው።

ኢየሩስ ሊንድከር ይሻለኛል አለች። ትርንጎ አላመነቻትም። ልጅ እናቷን ለማዳን ስትዋሽ እንዲህ ነው የምትለው። የመወሰኛው ቀን ሜይ አንድ ነበር፤ ወር እንኳ አልቀረውም። እናትየዋን እንቅልፍ የነሳት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ልጄን ወደ በቆሎው የምሰዳት ይሻላታል ብዬ ነው ወይስ ስህተቴን ለመሸፈን?

ወደብ ላይ አንድ ሕግ አለ። ኮንቴይነር የሚጫንበትን ሻንሲ ከግቢው ስትወስድ፣ ከበሩ ከመውጣትህ በፊት ዞረህ ካላየኸው፣ ከበሩ ከወጣህ በኋላ ያለው ጥፋት ሁሉ ያንተ ነው። ጎማው ቢፈነዳ ያንተ፣ መብራቱ ባይበራ ያንተ፣ መቆለፊያው ቢፈታ ያንተ። ስለዚህ ትርንጎ ዝናብ ቢዘንብ፣ ከኋላዋ ያለው ሾፌር ጥሩምባ ቢነፋ፣ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሯ ሳትመታ አትንቀሳቀስም። ኮሌጅ እንዴት ይመታል? ሁለቱም ኮሌጆች ተመራቂዎቻችንን አነጋግሩ ብለው የአሥር የአሥር ሰው ስልክ ልከው ነበር። ማንም ወላጅ ለጥቂቶቹ ይደውል ይሆናል። ትርንጎ ለሃያውም ልትደውል ወሰነች፤ በር ላይ ሁለት ሰዓት የሚያስቆም ሰልፍ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

ኮሌጁ ጥሩ ነው ወይ ብላ አልጠየቀችም። ሻንሲ አከራይ ሻንሲዬ ሰባራ ነው ብሎ አያውቅም። የጠየቀችው፣ የመጀመሪያ ሥራህን ማን አገኘልህ የሚል ነው።

ከቶርንበሪ አራት ሰዎች ስልኩን አነሱ። ሁሉም ትሑትና ደስተኛ ነበሩ። አንዱን ሥራ ያስገባው አጎቱ ነው። አንዷን እናቷ፣ በእናቷ ቢሮ። ሦስተኛውን የክፍል ጓደኛው አባት። አራተኛዋ የፍሬዝኖ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ወይን ለቃሚዎች ነበሩ። እሷ የትምህርት ቤቱ ስም በር ይከፍታል፣ ይህን አልክድም፣ ኒው ዮርክ ባንክ ውስጥ ያስገባኝ እሱ ነው አለች። ውስጥ ከገባሽ በኋላ ግን የማን ልጅ ነሽ ይሉሻል አለች። ብድሯን ገና እየከፈለች ነበር።

ከሊንድከር ሰባት አነሱ፤ የተሳካላቸው ግን ሁሉም አይደሉም። አንዱ ኢንሹራንስ ይሸጣል፣ ሥራውንም ይጠላዋል። አንዱ ተመርቆ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያለ ሥራ ተቀምጧል፤ እሱንም አልደበቀም። የቀሩት አምስቱ ግን፣ አንዷ ነርስ፣ አንዱ የውሃ መርማሪ፣ ሌሎቹም የየራሳቸውን ያገኙ፣ ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት ነገር ነገሯት፤ አስተማሪዬ ስልክ አንስቶ ደወለልኝ። ትርንጎ ይህን በወረቀት ኩባያ ጎን ላይ ጻፈችው። አጎት የሌለው ልጅ አጎት የሚሆንለት ሰው ይፈልጋል። የእሷ ልጅ ሳኒቬል ውስጥ ቢሮ ያለው አጎት የላትም፤ ያላት ሻንሲ የምትመታ እናት ናት።

እንዲህ ልቧ ወደ ሊንድከር ሲያዘነብል ማንደፍሮ ደወለ። ቶርንበሪን በደብሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አስቀድሞ አውጆት ኖሯል፤ «ታላቅ የምሥራች» ብሎ፣ ከኮሌጁ ፎቶ ጋር። አንድ መቶ አርባ ሰው የልብ ምልክት ለጥፎበታል። ትርንጎ አልወሰንንም ብትለው ሳቀ፤ ሊንድከር ብትለው ሳቁ ቆመ። እንዲህ ያለ ዕድል የሚገፋ እብድ ብቻ ነው አላት። እሷም እብድ ከሆንኩ ቆየሁ፣ ሴት ሆኜ ባለ አሥራ ስምንት ጎማ የምነዳ ነኝ ብላ ዘጋችው። መዝጋቷ አላኮራትም፤ አለመዝጋትም አልቻለችም።

ማንደፍሮ ሽማግሌ ላከባት።

ሽማግሌ ለጋብቻ ይላካል። ለተጣሉ ባልና ሚስት፣ ለደም፣ ለድንበር ይላካል። ለኮሌጅ ሽማግሌ ሲላክ በኦክላንድ ታሪክ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሁለተኛው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሦስት ሰዎች የትርንጎን አፓርታማ ደረጃ ወጡ። መሪው አባባ ባዩ ነበሩ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ በደብሩ ያስታረቋቸው ትዳሮች ቁጥር ከክርስትና ልጆቻቸው ይበልጣል። ሁለተኛው አቶ ስንታየሁ፣ ታክሲ ነጂ፣ ሌላው ሰው የተናገረውን ሁሉ «እውነት ነው» እያለ የሚያጸድቅ። ሦስተኛው ራሱ ማንደፍሮ ነው፤ ላኪም ተላኪም ሆኖ። ትርንጎ በሩን ስትከፍት ሦስቱም ነጠላቸውን አጣፍተው በመስመር ቆመዋል።

ገቡ። ወንበር አቀረበች። አልተቀመጡም። የልባችንን ሳታደርሺልን አንቀመጥም፣ ውሃም አንቀምስም አሉ አባባ ባዩ፤ ወጉ እንደዚያ ነው። ግራ ጉልበታቸው ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ሦስት ወር አልሞላውም፤ ክራንቻቸውን ደጃፍ ላይ ትተውት ነው የገቡት፤ ሽማግሌ ተደግፎ አይለምንም ብለው። ትርንጎ ይህን ስታይ ወንበሩን ይበልጥ ወደ እሳቸው አስጠጋች። ሽማግሌ አያሳፍሩም። እናቷ ያስተማረቻት ይህንን ነው፣ የእናቷም እናት ይህንኑ።

አባባ ባዩ እንደ ደንቡ ጤና በመጠየቅ ጀመሩ።

«ደህና ናችሁ ወይ ልጄ? ኑሮ እንዴት ይዟችኋል? ሥራው ጥሩ ነው?»

እዚህ ላይ የሚመለሰው የታወቀ ነው። አፏ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ ያው የሣጥኑ መልስ። ትርንጎ ልትለው ጀመረችና ቆመች። ይህ ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜ በዓመት የሃያ ዘጠኝ ሺህ ዶላር ሂሳብ አምጥቶባታል። ሁለተኛ አልከፍልበትም አለች በልቧ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግን ደህና አይደለንም አባባ» አለች። «እውነቱን ልንገርዎት። መኪናዬ ከግማሽ በላይ የባንክ ነው። አምና ሞተሩ ሲቃጠል የተበደርኩትን አልጨረስኩም። ትከሻዬን ሐኪም ካየው ሁለት ዓመቱ ነው፣ ኢንሹራንሱ አይሸፍንልኝም። በዓመት የሚተርፈኝ ሃምሳ ሁለት ሺህ ነው፣ በዚህ ከተማ ምን እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል። ኮሌጁ ሲጠይቀኝ አፈርኩና ምንም አልጎደለብንም ብዬ ጻፍኩ። አሁን ግን አላፍርም።»

አቶ ስንታየሁ ከልማዱ እውነት ነው ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ማንደፍሮ ምንጣፉን ያይ ነበር፤ መቶ ሰባውን ፎርሙ ላይ ያስገባው ጣቱ መሆኑ ሳይታወሰው አልቀረም።

አባባ ባዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልጆቻችን እዚህ አገር ከፍ ብለው እንዲታዩ እንፈልጋለን አሉ። ቶርንበሪ የሚባለው ትልቅ ቤት ነው ተብለናል፣ ልጅቷ እዚያ እንድትሄድ እግርሽ ላይ ወድቀን እንለምንሻለን አሉ። በጥሩ አማርኛ፣ በለዘበ ድምፅ፣ ትዳር እንደሚያስታርቁበት አድርገው ነው የተናገሩት። ሲጨርሱ እጃቸው ግድግዳ ፈለገ፤ ከዚያ ሽማግሌ እንደማይደገፍ ትዝ አላቸውና መለሱት።

ትርንጎ አክብሮቴ ትልቅ ነው፣ ይህን ግን አላደርገውም አለች። ሽማግሌ ፊት እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ማንደፍሮ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ትርንጎ» አላት።

«ልጄን የምልካት ወደ መቃብር አይደለም ጋሽ ማንደፍሮ።»

ፊቱ ቀላ። ከዚያ ግን ትርንጎ ያልጠበቀችው ነገር ሆነ፤ ድምፁ ዝቅ አለ።

«እኔ እዚህ አገር ስመጣ ዲግሪ ነበረኝ» አለ። «ከክፍሌ ሦስተኛ ወጥቼ የተመረቅኩ ነኝ። ስድስት ዓመት ሳን ሆዜ ውስጥ ፓርኪንግ ጠበቅሁ። ሁለት መቶ ቦታ አመልክቻለሁ፣ ሁለት መቶ። አንድ ሰው እንኳ ኢንተርቪው አላደረገኝም። የተማርኩበትን ቤት ስም የሚያውቅ ስለሌለ ብቻ። ከዚያ ስም ያለው ትምህርት ቤት ገባሁ፣ ማታ ማታ ተማርኩ። በተመረቅሁ በሳምንቱ ስልኬ ጮኸ። ያው ጭንቅላት ነው፣ ያው ማንደፍሮ ነው። የተለወጠው ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ነው። ይቺ ልጅ ፓርኪንግ እንድትጠብቅ አልፈልግም።»

ይህ ለትርንጎ ከበዳት። ሰውዬው ታይታ ወዳድ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፤ ግን አይደለም፣ ቁስሉ የእውነት ነው። የፍሬዝኖዋም ልጅ ስሙ በር ይከፍታል ብላታለች። አንድ አፍታ፣ ልጄን ወደ ፓርኪንግ ልሰዳት ይሆን ብላ ጠረጠረች። እንዲህ ስትወላውል ያየው ማንደፍሮ ያመጣውን ስጦታ ፈጠን ብሎ አወጣ። ደብሩ መዋጮ ያሰባስባል አለ። የመጀመሪያውን ዓመት ሃያ ዘጠኝ ሺህ ሙሉ በሙሉ እንሸፍናለን፣ ቃል የገቡ ሰዎች ስም እነሆ ብሎ የታጠፈ ወረቀት ዘረጋ። አቶ ስንታየሁ አሁን እውነት ነው አለ፤ የእሱም ስም ነበረበት።

ትርንጎ ወረቀቱን አየችው። ሁሉንም ታውቃቸዋለች። ዘበኞች፣ ሞግዚቶች፣ ሄይዋርድ መጋዘን ውስጥ ሌሊት የሚሠሩ ሰዎች። ዕንባዋ መጣ፣ ግን አላወረደችውም። ወረቀቱን እንደነበረ አጥፋ መለሰችለት።

«እግዚአብሔር ይስጣቸው» አለች። «ይህ ግን አንዱ ዓመት ነው፣ ኮሌጁ አራት ዓመት ነው። አንዱን ጎማ ነፍታችሁ ሦስቱ ተንፍሶ ከበር አስወጧት ነው የምትሉኝ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ሃይዌይ መሐል ስትቆም ማን አለ? ያኔ እኔ ነኝ ያለሁት። እኔ ያላየሁትን ሻንሲ አልጎትትም።»

«ትርንጎ» አለ ማንደፍሮ፣ «ሽማግሌ እያሳፈርሽ ነው።»

ይህ እውነት ነበር። የአባባ ባዩ ግራ እግር መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ግንባራቸው ላይ ላብ ቸፍ ብሏል፤ እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። እሺ እስክትል ይቆማሉ። እሷ ደግሞ እሺ አትልም። ትርንጎ በወደብ ያሉትን አለቆች፣ ፖሊሶችን፣ ባንኩን ችላለች። አንድ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ግን አልቻለችም። እሺ የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ።

ያኔ የጓዳው በር ተከፈተ። ኢየሩስ ነበረች፤ ሁሉን ስትሰማ ቆይታለች። አማርኛ ትሰማለች እንጂ መናገሩ ላይ ሰነፍ ናት፤ እናቷ ባማርኛ ስትቆጣት በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ። ቀጥታ ሄዳ ክራንቹን ከደጃፍ አመጣችና ለአባባ ባዩ ዘረጋችላቸው። አልተቀበሏትም፤ ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳዩአት ሁሉ ትክ ብለው አዩአት።

«ቆይ» አሉ። «አርባ ዓመት ሽማግሌ ሆኜ ስሄድ ሙሽራይቱን ጠይቄ አላውቅም። ይሄ ሰርግ አይደለም። አንቺ ምን ትያለሽ ልጄ?»

ማንደፍሮ «ልጅ ናት፣ ለእናቷ አዝና ነው» ሊል ጀመረ። አባባ ባዩ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱና አስቆሙት።

ኢየሩስ እናቷን አየች። ትርንጎ እውነቱን ተናገሪ አለቻት። ለእኔ አትዘኚ፣ ቶርንበሪ ከሆነ ልብሽ ቶርንበሪ በይ አለች። ይህን ስትል ከልቧ ነበር፤ ልጇ ቶርንበሪ ብትል ሃያ ዘጠኙን እንደምትፈርም ታውቃለች፤ ይህም ነው ያስፈራት።

«ማሚ እኔ ለእሷ ብዬ ይመስላታል» አለች ኢየሩስ ለሽማግሌው፤ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገች። «ለእሷ አይደለም። እኔ ፕሮጀክት ነበረኝ፣ እዚህ ባልኮኒው ላይ። አየሩን ሜዠር የሚያደርግ ትንሽ ማሽን። የትራክ ጭስ፣ አቧራ። የማሚም ጭስ አለበት።»

ትርንጎ ይህን ታውቃለች፤ መኪናዋ በልጇ ጥናት ውስጥ ተከሳሽ መሆኑን አልወደደችውም ነበር።

«አዋርድ ሰጡኝ» ቀጠለች። «ለሁለቱም ኮሌጅ ላክሁት። ቶርንበሪ ኮንግራጁሌሽን አለኝ፣ ሁዲ ሹራብ ላከልኝ። የሊንድከሯ ፕሮፌሰር ግን ደወለች። ጠዋት ጠዋት ያለው ቁጥርሽ ልክ አይደለም አለችኝ። እዚህ ጭጋግ አለ አይደል? ማሽኑ ጭጋጉን አቧራ ብሎ ካውንት አድርጎታል። ሁለት ወር ሙሉ። ቲቸሬ አላየውም። አዋርድ የሰጡኝ አላዩትም። እሷ አየችው። ከዚያ አብረን ፊክስ አደረግነው፣ በስልክ፣ ሦስት ቅዳሜ። እኔ እኮ ገና ተማሪዋም አይደለሁም።»

የሚቀጥለውን በአማርኛ ብቻ ማለት ፈልጋ ነበር፤ ጊዜ ወሰደባት።

«ጋሼ ማንደፍሮ እውነቱን ነው፣ ስም ጥሩ ነው። ግን እኔ ስህተቴን የሚያይልኝ ሰው ጋ መሄድ ነው የምፈልገው።»

ትርንጎ ይህን ስልክ አታውቅም ነበር። ሦስት ቅዳሜ ልጇ በረንዳ ላይ ስትንጎራደድ ከጓደኛ ጋር የምታወራ ነበር የመሰላት። ለሃያ ሰው ደውላ ያጣራችውን ልጅቷ ቀድማ አጣርታዋለች፤ እሷም ጎማ መትታለች፣ በራሷ እግር። ስህተቴን ልሸፍን ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ከትርንጎ ትከሻ ላይ ሲወርድ ተሰማት፤ የታመመው ትከሻዋ ሳይቀር ቀለላት።

አባባ ባዩ ክራንቹን ከኢየሩስ እጅ ተቀበሉ። ወንበሩን ሳብ አደረጉና ተቀመጡ። ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙና አንድ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«ውሃ ስጪኝ» አሉ ለትርንጎ።

ውሃው ተሰጣቸው፣ ጠጡ። በቃ፣ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። አቶ ስንታየሁ እውነት ነው ብሎ እሱም ተቀመጠ፤ የትኛው እውነት እንደሆነ የጠየቀው የለም። ማንደፍሮ ብቻውን ቆሞ ቀረ፤ ነጠላውን እንዳጣፋ፣ የታጠፈውን ወረቀት እንደያዘ።

ትርንጎ ሦስተኛውን ወንበር ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት። ቁጭ በል አለችው፣ አሁንስ ደከመህ። አልተቀመጠም። አንድ መቶ አርባ ሰው ልብ የለጠፈበትን ዜና እያሰበ ነው፤ ወይም ደግሞ ስድስት ዓመት የቆመበትን ፓርኪንግ። ከሁለቱ የቱን እንደሆነ ትርንጎ ልትለይ አልቻለችም።

«ሰኔ ላይ ማይክሮፎን ይዤ ሊንድከር ብዬ ስጠራ» አለ በመጨረሻ፣ «ሕዝቡ ዝም ቢልስ? ለልጅቷ አላሰብሽም? ያ ሁሉ ሰው ዝም ሲላት?»

«አንተ ጮክ ብለህ አንብበው» አለች ትርንጎ። «እልልታው የእኔ ነው። ማንም ባይል ብቻዬን እላለሁ።»

ማንደፍሮ ብቻሽን ይከብዳል አላት፤ በክፋት አልነበረም። ትርንጎ ተቆጣች። እንደማይከብድ ልታሳየው ፈለገች። ደግሞስ ሰኔን ማን ይጠብቃል? እዚያው፣ በትንሿ ሳሎኗ መሐል ቆማ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እልል አለች። የወደብ ጥሩምባ የለመደው ድምፅዋ መስኮቱን አርገበገበው። ኢየሩስ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች፣ ከሣቅ ይሁን ከሐፍረት አይታወቅም። ታች ያለው ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ደበደበ። ትርንጎ ትንፋሽ ወሰደችና፣ ከመጀመሪያው አስረዝማ፣ ደገመችው።